በንዳድ መካከል የመለሰልኝ ሰው

የዛሬዋን ከሚሴ የምታውቁ ሰዎች ያኔ የነበረችውን ብታዩ አትለዩአትም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ጎዳና፣ በግራና በቀኙ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ማሽላ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሁሉን ነገር ያስተኛዋል። ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ሲያልፍ ከተማዋ አንድ ጊዜ ትነቃና፣ አቧራው ሲወርድ መልሳ ታሸልባለች። እኔም እዚያ የኖርኩትን ዓመት ግማሹን በእውኔ፣ ግማሹን በሕልሜ የኖርኩት ይመስለኛል። የምነግራችሁም ነገር ከሁለቱ በየትኛው እንደጀመረ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

ግርማ እባላለሁ። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የመጨረሻውን ዓመት ከመጀመራችን በፊት ክፍለ ሀገር ወጥተን አንድ ዓመት ማስተማር ግዴታችን ነበርና ዕጣዬ ከሚሴ ወጣ። ፀጉሬን አጎፍሬ፣ ጥቂት መጻሕፍት በካርቶን አስሬ ከአውቶቡስ ወረድኩ። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ለማንም አላሳይም ነበር። በግቢያችን «መሬት ለአራሹ» እያልን ከጮህን ገና መንፈቅ አልሞላንም፤ ከሚሴ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ካመለጠ ጆሮ ጠቢው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በሥራ ቀን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ከገበሬው ጋር በሹክሹክታ አወራለሁ።

ስለ አባቴም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ንጉሡን ያገለገለ የደብረ ብርሃን ወታደር ነበር። እቤት ሲገባ ተነስተን እንቆማለን። ሲጠይቀን «አዎ» ወይም «አይደለም» እንላለን እንጂ ሌላ ቃል አንጨምርም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የዘመኑ አባት ነበር። ከሚሴ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት አረፈ። ምን እንደማስብ አንድም ቀን ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልነግረው ተለያየን።

ከከሚሴ በታች ጨፋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። ቦርከና ወንዝ እዚያ ሲደርስ መሄዱን የረሳ ይመስል ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ ከጉሙ ውስጥ የከብቶቹ ቀንድ ብቻ ብቅ ብሎ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ስማቸውን የማላውቃቸው ነጫጭ ወፎች ከአንዱ ቀንድ ወደ ሌላው ይዘላሉ። የሜዳውን ዳር ዳር አብዛኛውን የያዙት ባላምባራስ እንድሪስ የሚባሉ የአገሩ ባላባት ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ከሩቅ ነው፤ በቅሎ ላይ፣ ከጥቁር ጃንጥላ በታች። አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ፈጽሜ ጠልቻቸው ነበር።

ምክንያት አላጣሁም። በዚያ ዓመት ባላምባራስ የሜዳውን ዳር መሬት ከአዲስ አበባ ለመጣ የጥጥ ኩባንያ ሊያከራዩ ነው፣ ጭሰኞቹም ማሽላቸውን ሰብስበው ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ወሬውን ያረጋገጠችልኝ ከዲጃ የምትባል ባሏ የሞተባት የጨፋ ጭሰኛ ናት። ሰንበቴ ገበያ ላይ ፍየል ስትሸጥ ተዋወቅን። አማርኛዋ መካከል ላይ ኦሮምኛ ይገባል፤ የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ ቢሆንም ተግባባን። «እሁድ እመጣለሁ፤ ጎረቤቶችሽን ሰብስቢልኝ» አልኳት።

እሁዱ ደረሰ። ከሰንበቴ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ጨፋ ላይ ወረድኩ። ገና መኪናው ላይ እያለሁ በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር። ወደ ከዲጃ ጎጆ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዝኩ። ማሽላው ከራሴ በላይ ነው። ቅጠሉ ሲንሿሿ በስሜ የሚጠራኝ መሰለኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ሆነ። ተቀመጥኩ፤ ከዚያም ተኛሁ። መጨረሻ ላይ ያየሁት የበቅሎ እግሮችን ነው፤ ከነሱ በላይ ደግሞ ሰማዩን የሸፈነ ጥቁር ጃንጥላ።

ከዚያ በኋላ አባቴ መጣ።

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። በሕይወቱ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀምጦ አያውቅም። ፊቱ አይታየኝም፤ ከኋላው መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ነጭ ጉም። ዝናብ ይዘንብ ነበር ወይም ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል።

«አባባ» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። «አቤት» አለኝ ቀስ ብሎ።

አባቴ ለኔ አቤት ብሎኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ በውስጤ የታሰረው ሁሉ ተፈታ። እርስዎ ዕድሜዎን ለማን ሰጡ፣ አልኩት። ያገለገሉት መንግሥት መሬቱን ለጌቶች አከፋፍሎ የሚያርሰውን ሰው ባዶ እጁን አስቀረው፣ አልኩት። ጭሰኛው የምርቱን እኩሌታ ይሰጣል፣ ለጌታው አጥር ያጥራል፣ ጌታው ዛሬ ውጣ ቢለው ዛሬ ይወጣል፣ ጎጆው እንኳ የሱ አይደለም። ይሄ ግፍ አይደለም ወይ?

«ግፍ አለበት» አለኝ አባቴ። «ግን ጌታው ሁሉ ሌባ ነው?»

«ሌባ ነው!»

«እኔም?»

«እርስዎም ከሌባ ጋር ቆመዋል።»

ይቆጣኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልተቆጣም። ከእጁ ላይ አንድ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በግድ ዓይኔን ገልጬ ሳይ ሙስበሃ ነው፣ የእስላም መቁጠሪያ፤ አባቴ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈ ነው። የደብረ ብርሃን ክርስቲያን ወታደር ሙስበሃ ምን ያደርግለታል ብዬ አልገረመኝም። በሕልም ምን ይገርማል?

ከዚያ ቤቱ ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ጨፋ በመስኮቱ ገባ፤ ነጫጭ ወፎቹ የአልጋው እግር ላይ ቆሙ። እኔ እናገራለሁ፣ አባቴ ይመልሳል። አንዳንዱን «እውነትህን ነው» ይለኛል። አንዳንዱን «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ይልና ምክንያቱን ያስረዳኛል። ስደክም ዝም ይላል፤ እንደገና ስጀምር እንደገና ይሰማል። አንድ ጊዜ ራሴን ቀና አድርጎ የሚመር ነገር አፌ ላይ አደረገልኝ።

«ቢስሚላህ በልና ዋጠው» አለኝ። «አብሽር። አብሽር ልጄ፣ ያልፋል።»

አባቴ «አብሽር» ብሎ አያውቅም። ይህ የወሎ ሰው «አይዞህ» የሚልበት ቃል ነው። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ቃል የሚጥም ሰምቼ የማውቅ አልመሰለኝም።

ስነቃ ጠዋት ነበር። ትኩሳቱ እንደ ጎርፍ አልፎ ሄዷል፤ አጥንቴ ብቻ ቀርቷል። ንጹሕ አልጋ ላይ ነኝ። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ነው። በመስኮቱ ጨፋ ከነጉሙ ይታያል። አጠገቤ ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ሙስበሃ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ነቃህ? አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያም ትንሽ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «በል፣ የት ላይ ነበር የቀረነው? ሌባ ካልከኝ በኋላ ብዙ ሄደናል» አሉኝ።

ባላምባራስ እንድሪስ ነበሩ።

የተሰማኝን እንዴት ላስረዳችሁ? ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ፍርሃቱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን ነው። አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተብኝ መሰለኝ። ያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ያ ሁሉ መልስ፣ የሱ አልነበረም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ ሙስበሃቸውን እያሳለፉ ጠበቁኝ።

«አባባ ብለህ ስትጠራኝ ዝም ልል ፈልጌ ነበር» አሉኝ ኋላ። «ዘሃራ ናት 'መልስለት እንጂ፣ ሙት እየጠራ እኮ ነው' ያለችኝ።» ዘሃራ ባለቤታቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የግመል ወተት በጣሳ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። «መልሼ ስሰማህ ደግሞ መነሳት አቃተኝ። እኔ ልጆች አሉኝ። ሁሉም 'እሺ አባ' ነው የሚሉኝ። ከወለድኩ ጀምሮ ተሳስተሃል ያለኝ ልጅ አንተ ነህ፤ አንተም የሌላ ሰው ልጅ ነህ።»

ያን ጊዜ ፍርሃቱ መጣ። «ያልኩት ሁሉ... ትኩሳቱ ነው» አልኩ።

«አይደለም» አሉ ኮስተር ብለው። «ትኩሳትማ እንደዚያ አያናግርም። ልትክደው ነው? ከካድከው ያስታመምኩህ ከንቱ ነው።»

ወተቱን ጠጣሁ። የጢስ ሽታ ነበረው፤ ከቆላ አፋሮች ያመጡት ነው። ጣሳውን አስቀመጥኩ። «አልክደውም» አልኩ።

እንዲህ ሆኖ በእውን ተጀመረ። እኔ ትራስ ተደግፌ፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ ጉሙ ቀስ እያለ ሲነሳ። ለጸሎት እየተነሱ ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ያቋረጥንበት ላይ ይቀጥላሉ።

«አንተ መሬት ለአራሹ ትላለህ» አሉኝ። «ለአራሹ የሚሰጠው ማን ነው?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ማን ነው? ስሙ ማነው? ሰጪው መንግሥት ነው። ዛሬ አራሹ የኔ ጭሰኛ ነው፤ ያን ጊዜ የመንግሥት ጭሰኛ ይሆናል። ከዲጃ እኔ ደጅ መጥታ ታለቅሳለች። መንግሥት በሩ የት ነው?»

«ያን ጊዜ ማልቀስ አያስፈልጋትም፤ ሕግ ይኖራታል። የርስዎ ደግነት ጥሩ ነው ባላምባራስ፤ ግን የሰው ኑሮ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ይቆማል? እርስዎ ነገ ቢሞቱስ?»

ሙስበሃው ቆመ። «ይኼን በትኩሳትህ ጊዜ አላልከኝም» አሉ።

«አሁን ነው የመጣልኝ።»

ሳቁ። ሲስቁ የታችኛው ጥርሳቸው አንዱ እንደሌለ አየሁ። ከዚያ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። እኔ የሁሉ የበላይ አድርጌ የማያቸው ሰው ከሳቸው በላይ ላሉት እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ነገሩኝ። ረግረጉ የመንግሥት ነው ብሎ የሚያስፈራራቸው ሹም አለ። ኩባንያውን እምቢ ቢሉ መሬቱ በአንድ ወረቀት ተነስቶ ለማያውቁት ሰው ሊሰጥ ይችላል። «እንደኛ ያለ እስላም ባላባት በዚህ አገር መሬቱን የሚይዘው በጥርሱ ነው» አሉኝ። «ሳከራየው ቢያንስ ስሙ የእንድሪስ ይሆናል ብዬ ነው። ተሳስቼ ይሆናል። ግን ሌባ አይደለሁም።»

«ሌባ ያልኩትን መልሻለሁ» አልኩ። «ሰዎቹን ስለ ማስወጣትዎ ያልኩትን ግን አልመለስኩም።»

«መልስልኝ አላልኩህም።»

እዚህ ላይ እያለን ግቢው ውስጥ የመኪና ድምፅ ሰማን። ባላምባራስ በመስኮቱ አይተው ፊታቸው ተለወጠ። የወረዳው ሹም ነበር። «ተኛ» አሉኝ። «ዓይንህን ጨፍን።»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው የቀረው። ሹሙ በዚያኛው ክፍል ተቀምጦ ሲያወራ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል። ከደኅና ዋሉ በኋላ ቶሎ ወደ ነገሩ ገባ። አስተማሪው እዚህ ነው ሲባል ሰምቷል። ሰንበቴ ገበያ ላይ ሰው ሲያነሳሳ ታይቷል። እዚህስ የተናገረው ነገር አለ?

አንድ ቃል ነው የሚቀራቸው። ያ ቃል ቢወጣ እዚያው ከአልጋዬ ተነስቼ ደሴ እስር ቤት ነበር የምገባው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን የጓደኞቼ ዕጣ ነግሮኛል።

«ወላሂ ብዙ ተናግሯል» አሉ ባላምባራስ።

ዓይኔን በረገድኩት።

«ምን አለ?»

«በንዳድ የተያዘ ሰው ምን ይላል? ከሞተ አባቱ ጋር ሲነታረክ ነው የሰነበተው።»

«ከአባቱ ጋር? በምን?»

«በርስት ነገር።»

ሹሙ ከት ብሎ ሳቀ። «እሱማ የማይነታረክ ልጅ ማን አለ! እኔም ከወንድሞቼ ጋር ገና አልተስማማሁም» አለ። ባላምባራስም አብረው ሳቁ። ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው አወሩ። መኪናው ሄደ።

ተመልሰው ሲገቡ እጃቸው ላይ ሙስበሃው አልነበረም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ጨፋን አዩ።

«አልዋሸሁም» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

«አልዋሹም» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቆይ፣ አትመርቀኝ። ከሱ ጠበቅሁህ እንጂ ከአንተ ጋር አልተስማማሁም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጭሰኞቹ ይመጣሉ፤ የኩባንያውን ነገር እነግራቸዋለሁ። አንተም ትመጣለህ። ለአባትህ ያልከውን በደህናህ፣ በእግርህ ቆመህ፣ እነሱ ባሉበት ለእኔ ትለኛለህ። በጀርባ አልፈልግም።»

እስከ ዓርብ ድረስ ያለውን ጊዜ እንደ ጭስ ነው የማስታውሰው። ጉም ይመጣል፣ ጉም ይሄዳል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር ክኒን ይሰጠኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ አባቴን ልፈልግ እሄዳለሁ፤ አላገኘውም። ማልጄ መሸሽም እችል ነበር፤ መንገዱ ቅርብ ነው። አስቤዋለሁ። ግን በትኩሳት የደፈረ ሰው ጤነኛ ሲሆን ሊሸሽ ነው ብዬ አፈርኩ።

ዓርብ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ግቢው በእንፋሎት ተሞላ፤ ሰዎቹ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ የመጡ ይመስላሉ። ወንዶቹ ከመስጊድ ነጭ ኩፊያቸውን እንዳደረጉ መጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ። ከዲጃን አየኋት። አየችኝ፤ በአገጯ ብቻ ሰላም አለችኝ።

ባላምባራስ ዱዓ አስደርገው ነገሩን ጀመሩ። ኩባንያው ይመጣል፣ ከማሽላው በኋላ ቦታው ይለቀቃል፣ ሌላ ቦታ እንፈልግላችኋለን አሉ። «እሺ ጌታዬ» የሚል ማጉረምረም ብቻ ተሰማ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይህ ልጅ ከኔ አሳብ ጋር አይስማማም። በል ተናገር።»

ተነሳሁ። ምድር ትንሽ ዘመመች። ግቢያችን ውስጥ ለብዙ ተማሪ ስጮህ ድምፄ አይንቀጠቀጥም ነበር። እዚያ የሚሰማኝ ሁሉ እንደኔ የሚያስብ ነው። እዚህ ግን ያስታመመኝ ሰው ፊት ለፊት ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው። ቀስ ብዬ፣ የማይገባ ቃል ሳላስገባ ተናገርኩ። ያረሰው ሰው በመሬቱ ላይ መብት አለው፣ ባላምባራስ እነዚህን ሰዎች ማስወጣት የለባቸውም፣ ባላምባራስ እንግዳ ተቀባይና ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፣ ይህ ግን ግፍ ነው፣ እውነት ከተባለ መሬቱ ለነሱ መሆን አለበት አልኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ሲመልሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቃሉ የሚያቃጥለው ይመስል።

የተነሳችው ከዲጃ ናት።

መጀመሪያ ወደኔ ዞረች። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ስለኛ ተናገርክ፤ ገለታ ይሁንልህ። ግን መሬቱ ሁሉ ለኛ ይሁን ስትል እሳቸው ወዴት ይሂዱ? አባታቸው እዚህ ነው የተቀበረው።» ከዚያ ወደ ባላምባራስ ዞረች። ሻርፗን በሁለት እጇ ያዘች። «እርስዎስ ጌታዬ፣ ወዴት ሂዱ ነው የሚሉን? የኔ ሰውዬ ከረግረጉ ዳር ነው የተኛው። ሁለቱ ልጆቼም አጠገቡ ናቸው። ጥጥ ሊዘራባቸው ነው? እንዲህ ነው ወይ ያሉት? ካሉት በአፍዎ ይበሉት፣ ልስማው።»

በጨፋ በኩል ወፎች ተነሱ፤ የክንፋቸው ድምፅ ተሰማ። ባላምባራስ አልተቆጡም። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት መሰለ። እንዲህ ነው ብለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣላቸውም። ያቺ ሴት ያንን ከጠየቀች በኋላ ግን ሌሎቹም አፍ አወጡ። አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፤ ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ። እሺ ጌታዬ ይሉ የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንዱማ እኔን ተቃውሞ «ጌታችን ከሌሉ ከሹሙ ማን ያስጥለናል?» አለ። እኔም መለስኩለት። ባላምባራስም መለሱለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም አልተነሳም።

መጨረሻው ምን ሆነ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተረት አይደለም። ባላምባራስ ከነቀብሩ ወደ ላይ ያለውን፣ ጎጆዎቹ የቆሙበትንና የማሽላውን መሬት ከኩባንያው አስቀሩት። ረግረጉንና የታችኛውን ግጦሽ ሰጡ። ከብት ብቻ የነበራቸው ሰዎች ግጦሹን አጥተው ወደ ባቲ በኩል ተሰደዱ። ሲሄዱ አይቻለሁ።

«አልበቃኝም» አልኳቸው ባላምባራስን፣ እጄን ይዘው ወደ ጎዳናው ሲሸኙኝ።

«አውቃለሁ። አንተም አልበቃኸኝም» አሉኝ። «ዓርብ ተመልሰህ ና።»

ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሄድኩ። አብረውኝ የሚያስተምሩት በወተት ተገዛ አሉኝ። የሳቸው ወዳጆች ደግሞ ተማሪ መድኃኒት አደረገባቸው አሉ። እኛ ግን በዚያ መስኮት ሥር ተቀምጠን ጉሙን እያየን ተከራከርን። አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ተስማምተን አናውቅም። በየሳምንቱ ግን የምናገረውን ከመናገሬ በፊት እሳቸው የሚመልሱት በጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ተቃዋሚዬን በጥላቻ ከማየቴ በፊት ይናገራል፤ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ዘመኑ ተገለበጠ። መሬት ለአራሹ የታወጀ ዕለት አደባባይ ወጥተው በደስታ ካለቀሱት አንዱ እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሚሴ ሄድኩ። ባላምባራስን ሳያቸው አርጅተዋል። ገበሬዎቹ ቤታቸውንና ትንሽ ማሳ ትተውላቸው ነበር። ለሳቸው ተሟግታ ይህን ያስወሰነችው ከዲጃ መሆኗን ሰማሁ።

«አሸነፍክ» አሉኝ። «ደስ ብሎሃል? እውነቱን በለኝ።»

«ደስ ብሎኛል። ከዚህ በር ስደርስ ግን ግማሹ ቀነሰብኝ።»

«ለምን?»

«ሌላ ቦታ እንደርስዎ ያሉትን ባላባቶች የኛ ሰዎች ሲያዋርዷቸው፣ ሲያስሯቸው እየሰማሁ ነው። ይህን አልነበረም የፈለግሁት።»

እጄን ያዙ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ይህንን ለኔ መናገር አሁን ቀላል ነው ልጄ» አሉኝ። «ሂድና አብረውህ ላሸነፉት ንገራቸው።»

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ከተቃዋሚ ጋር በግልጽ መነጋገር እንደሚቻል በንዳድ ተምሬዋለሁ። የራሴ ሰው፣ የራሴ ዘፈን፣ የራሴ ጭብጨባ ፊት ቆሞ «እዚህ ላይ ተሳስተናል» ማለት ግን ሌላ ነው። እናንተም ሞክሩትና ጉልበታችሁን እዩት።

ብዙም ሳልቆይ ደሴ ላይ ትልቅ ስብሰባ ነበር። የአንድ ወረዳ ባላባቶች ስም እየተጠራ ምን ይደረጉ ሲባል አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። እጄን አወጣሁ። እንዲናገር ፍቀዱለት ሲባል ተነሳሁና ሰዎቹ ሳይሰሙ መፈረድ የለባቸውም፣ መጀመሪያ ይናገሩ፣ እንስማቸው አልኩ። ጩኸቱ ቆመ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «ጓድ፣ አንተ ከማን ወገን ነህ?» አለኝ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ስሙን የማላውቀው ሰው፣ ሳያየኝ፣ ፊት ለፊት እንደተመለከተ፣ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ፤ «እኔም ይሰሙ ነው የምለው» አለ።